ከሐዋሳ የመጣው ካርቶን

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ወይኒቱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ እንግዳ ነው፣ ወይ በዕድሜው ዕቃ ተልኮለት አያውቅም። አውቶቡሱ ገና ከአስፋልቱ ወደ ግቢው ሲጠመዘዝ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚጣራው እሷን ነው። እሷም መኪናው እስኪቆም የምትጠብቅ ሰው አይደለችም፤ ጎማው እየተንከባለለ እጇ የዕቃ መጫኛው በር ላይ ነው። ካርቶኑን፣ ፌስታሉን፣ አፉ የተሰፋውን ማዳበሪያ ሁሉ ተቀብላ በባጃጇ ለየባለቤቱ ታደርሳለች። «ይሄማ ምን ሥራ ነው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ይምጣና አንድ ቀን ይሞክረው።

ለከተማው የቤት ቁጥር ወጥቶለታል። ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በየበሩ ተመትቷል፤ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ደውላ «ቤትዎ የት ነው?» ስትል የምታገኘው መልስ «ከጊዮርጊስ ዝቅ ትይና፣ ድሮ ወፍጮ የነበረበት ጋ ስትደርሽ ጠይቂ» ነው። ድሮ ወፍጮ የነበረበት! ወይኒቱ የዚያው የፍኖተ ሰላም ልጅ ሆና እንኳ ያ ወፍጮ ሲፈጭ አላየችም። ሌላው ደግሞ «እዚህ ነኝ» ይላል፤ «እዚህ የት?» ስትለው «እዚሁ» ብሎ ይዘጋዋል። የገጠሩማ አይነሣ። ገበሬ «ቅርብ ነው» ካለ፣ ቤቱ የሚደረሰው ጎማ ተንፍሶ፣ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሰው ተለምኖ ተገፍቶ ነው።

እሷ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሻይ አዝዛ ሳይቀርብላት ትነሣለች። ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ መልሳለት ሄዳለች። እናቷ «አንቺን ስወልድ ምጡም አላቆየኝ» እያሉ ይስቁባታል። በዚያ ላይ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው። ሲዘጋ ዕቃው የትም ይቀራል፤ ሲከፈት የከረመው ሁሉ በአንዴ ይጎርፋል። ያን ጊዜ የወይኒቱ ስልክ እረፍት የለውም። መድኃኒት የሚጠብቅ አለ፣ የሠርግ ልብስ የሚጠብቅ አለ፣ ምን እንደተላከለት የማያውቅ ግን ከሁሉ በላይ የሚጮኽ አለ። አንድ እጇ መሪ ላይ፣ አንድ እጇ ስልክ ላይ ሆኖ ትውላለች፤ እግዜር ይጠብቃታል መቼስ።

ያ ካርቶን የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነበር። መንገዱ ሰንብቶ ተከፍቶ፣ መናኸሪያው የሰው ጎርፍ ሆኖ፣ ረዳቱ ዕቃውን እንደ ድንጋይ ሲወረውርላት ዋለ። ካርቶኑ በሲባጎ ተጠፍሯል። በላዩ ሁለት ስም ተጽፎበታል። ከላይ «ይታገሱ ቢሆነኝ፣ ሐዋሳ» ይላል፤ ከሥር «አቻምየለሽ፣ ማንኩሳ» ይልና ስልክ ቁጥር ይከተላል። ወይኒቱ ጫን አደረገችው፤ ለስላሳ ነው። ልጅ ለእናቱ የላከው ነው ብላ ወዲያው ደወለች።

«እትየ አቻምየለሽ ነዎት?»

«አዎ ልጀ፣ ማን ልበል?»

«የምሥራች! ልጅዎ ይታገሱ ከሐዋሳ ዕቃ ልኮልዎታል!»

«ምሥር ብሊ! ምሥር ብሊ የኔ እናት!» አሉ ሴትየዋ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔስ አሳብ ገብቶኝ ነበር። ስልኩ አልነሣ ብሎኝ ስደውል ስደውል ሰነበትሁ።»

«ኔትወርክ ነው እትየ። የሁሉም ሰው እንደዚያው ነው። ደግሞ ልንገርዎ፣ ብርድ ልብስ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲነኩት ደስ ይላል።»

ማን ጠየቃት? ማንም። ደስ ያለው ሰው ድምፅ ስትሰማ ምርቃት ጨምሮ መስጠት አመሏ ነው። ስልኩ ሲዘጋ እትየ አቻምየለሽ ጎረቤት ሊጠሩ መውጣታቸው ያስታውቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማንኩሳ የሚደርስ ሌላ ዕቃም ስለነበራት አንድ ላይ ይዛው ወጣች። ወቅቱ የበርበሬ ነው። መንገዱ ዳር በየሸራው ላይ የተሰጣው ዛላ ዓይን ያቃጥላል፤ ነጋዴው ይጮኻል፤ አህያው መሀል መንገድ ቆሞ ያስባል። ወይኒቱ ጡሩንባዋን እየነፋች ጥጉን ይዛ ቆመች። ድንጋይ ላይ ጋቢ ደርበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይታ ነው።

«አያ፣ የእትየ አቻምየለሽ ቤት በየት በኩል ነው?»

«ምን ፈልገሽ ነው ልጀ?»

«ከልጃቸው ዕቃ መጥቶላቸው።»

ሽማግሌው ተነሡ። ወደ ባጃጁ ጎንበስ ብለው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበቡ፤ መዳፋቸውን አሳረፉበትና ሳያነሡት ቆዩ። ወይኒቱ ሞተሩን አላጠፋችም ነበር፤ እግሯም ፍሬን ላይ ነው።

«ይህን የሚቀበል እኔ ነበርሁ» አሉ። «ወንድሟ ነኝ። ገብረሰንበት እባላለሁ። ለማን ደወልሽ?»

«ለራሳቸው ነዋ! ስልካቸው ተጽፎበት የለ?»

«አየ ልጀ። አየ!»

ከዚያ ነገሯት። ይታገሱ ሐዋሳ ውስጥ በር በሚበየድበት ቤት ይሠራ ነበር። ኤሌክትሪክ ያዘው። መንገዱ ያኔ ዝግ ነበርና ሬሳው አገሩ ሊገባ አልቻለም፤ ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። አያ ገብረሰንበት ሲደወልላቸው ልብሱን እንኳ ላኩልን አሉ። ሬሳ የሌለው ልቅሶ በልብሱ ነው የሚለቀስ፤ እጀ ጠባቡና ኮቱ በመሀል ተዘርግቶ ሙሾ ይወርድበታል። ጓደኞቹንም በኔ ቁጥር ላኩት ብለዋቸው ነበር። ልጆቹ ግን ደንግጠዋል መሰለኝ፣ በሟቹ ስልክ ውስጥ ያገኙትን የእናቱን ቁጥር ጻፉበት። እናቱ እስካሁን መርዶ አልተነገራቸውም። ትልቋ ልጃቸው ያምሮት ያገባችው መራዊ ከተማ ነው፤ እሷ መጥታ እናቷን ካልያዘች አይነገርም ብለው ወንድምየው ቁርጥ አድርገዋል፤ እሷ ደግሞ መንገድ ላይ ናት።

ወይኒቱ ሞተሩን አጠፋች። ለወትሮው ሰው ሲያዋራት እንኳ የማታጠፋው ሞተር ነው።

«የምሥራች አልኋቸው» አለች። «አያ፣ እኔ እኮ የምሥራች ብዬ ነው የደወልሁላቸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እሺ፣ እርስዎ ይውሰዱት» አለች ካርቶኑን እየገፋች። አያ ገብረሰንበት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤታቸው ከእህታቸው ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ እሳቸው ደጅ የገባ ካርቶን ሳይታይ አያድርም። «አንቺው ዘንድ ይቆይ» አሉ። «እሷን ደግሞ አንድ ነገር ብለሽ አቆዪያት። እኔ ስልክ ላይ መዋሸት አልችልበትም፤ እሷ ድምፄን ታውቀዋለች።»

እነሆ፣ በሕይወቷ ማንንም አቆይታ የማታውቀው ወይኒቱ እናትን አቆዪ ተባለች።

ካርቶኑን ቤቷ ይዛ ለመግባት ሆዷ እምቢ አለ። መናኸሪያ ትታው እንዳትሄድ ደግሞ ሰው ይነካካዋል። ስለዚህ ከወንበሩ ኋላ ሸጉጣ፣ ሸራ ጣል አድርጋበት፣ ይዛው ትዞር ጀመር። ለፋርማሲው መድኃኒት ስታደርስ አብሯት ነው። ለሙሽራዋ ጫማ ስታደርስ አብሯት ነው። ተሳፋሪ ሸራው ላይ ክርኑን ባሳረፈ ቁጥር «ኧረ ቀስ!» ትላለች፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ትቆጣለች። ስልኳ ላይ የእትየ አቻምየለሽ ቁጥር ብቅ ይላል፤ ታየዋለች፤ እስኪያበቃ ድረስ እያንጫረረ ይቆያል። ስልክ ሳታነሣ ቀርታ አታውቅምና እጇ ራሱ ግራ ገባው። የሌሎቹን ዕቃ ታሳስት ጀመር፤ የመምህሩን ፌስታል ለጸጉር አስተካካዩ፣ የጸጉር አስተካካዩን ለመምህሩ ሰጠች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእሷ ይመስል ሁሉንም እንደገና ዞራ ሰበሰበችው።

የገበያው ቀን ላይ እትየ አቻምየለሽ ራሳቸው መጡ።

ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ ከመናኸሪያው በር ጀምሮ «ወይኒቱ የምትባል ልጅ» እያሉ እየጠየቁ ደረሱ። ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን፣ ሳቃቸው ከፊታቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። በነጠላ የታሰረች ትንሽ ቅል እጇ ላይ አኖሩላት። እርጎ ነው።

«የምሥራች የነገረኝን ሰው ባዶ እጄን አላይም ብየ ነው» አሉ። «በይ እንግዲህ፣ ወዴት አለ?»

ካርቶኑ ከእሳቸው ክንድ በማይርቅ ቦታ ነው፤ ሸራውን ለብሶ። ወይኒቱ ከፊቱ ገብታ ቆመች።

«እትየ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ረዳቱ ተሳስቶ ቡሬ ይዞት ሄዷል።»

«ፍኖተ ሰላም የተባለን ዕቃ ቡሬ? አንቺ አይደለሽም እንዴ በእጅሽ ነክተሽው ብርድ ልብስ ነው ያልሽኝ?»

ያቺ ምላስ! ወይኒቱ ምላሷን ነቅላ ብትጥላት በወደደች።

«ነክቼው... ከዚያ በሌላ ዕቃ ተቀላቅሎ ተመልሶ ተጫነ።»

እትየ አቻምየለሽ አተኩረው አዩዋት። ቁጣ የለባቸውም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያስጨንቀው።

«ልጀ፣ ዓይንሽ ይሸሻል። ጠፍቶብሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። እሱ ደህና ይሁንልኝ እንጂ ዕቃ ምን አባቱ፣ ሌላ ይልካል።»

«አልጠፋም እትየ።»

«በይ ማይልኝ።»

«እኔ ልሙት፣ አልጠፋም።»

«አንቺ ለምን ትሞች? ይታገሱ ይሙት በይና ልመንሽ።»

አገሩ የሚምለው በሚወድደው ነው። እንዲሞትብኝ የማልፈልገውን ሰው ስም ጠርቼ ልዋሽ አልችልም ነው ነገሩ። እትየ አቻምየለሽ ደግሞ በቀን ስንቴ በይታገሱ እንደሚምሉ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቃል፤ ከወተት ውኃ አልጨመርሁም ለማለትም ይታገሱ ነው፣ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስሜያለሁ ለማለትም ይታገሱ ነው። ለሰው ማስማያ ሲሰጡም ከእሱ የሚበልጥ የላቸውም። ወይኒቱ ዝም ብትል ውሸቷን አመነች ማለት ነው። ሴትየዋ ከዚያ ቀጥለው ለምን ዋሸሽ ይላሉ፤ ለምን ዋሸሽ የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ነው።

«ይታገሱ ይሙት» አለች ወይኒቱ። «ዕቃዎ አልጠፋም።»

«ተመስገን!» አሉ እናትየው፤ ፊታቸው እንደገና በሳቅ ተሞላ። «እንግዲያማ ይቆይ፣ ቡሬም ይደር። እኔ የልጀን ነገር አይደል የምሻው፤ በይ እስከ ማንኩሳ አድርሽኝ።»

ባጃጁ ላይ ወጡና ደክሟቸው ስለነበር ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። የተደገፉት ካርቶኑን ነው። እስከ ማንኩሳ ድረስ ስለ ይታገሱ እያወሩ ሄዱ፤ ሕፃን ሳለ ጥጃ ፈርቶ እንዴት ይሸሽ እንደነበር፣ መበየድ ሲጀምር ለጎረቤቱ ሁሉ በር ካልሠራሁ ብሎ እንዴት እንዳስቸገረ። ወይኒቱ «እሺ» ትላለች፣ «እውነት?» ትላለች፤ መስታወቱን ግን ወደ ላይ አዙራዋለች፤ ፊታቸውን ማየት አልቻለችም።

አውርዳቸው ስትመለስ ላህ ወንዝ ድልድዩ አጠገብ ቆመችና አለቀሰች። ለማታውቀው ልጅ አለቀሰች፤ ይበልጥ ግን በንዴት ነው። በራሷ ተናደደች፣ በሐዋሳዎቹ ልጆች ተናደደች፣ በመንገዱ ተናደደች። እኚህ ሴት ነገም ተነገ ወዲያም በሞተ ልጃቸው እየማሉ ሊከርሙ ነው? ለአያ ገብረሰንበት ደወለች።

«ያምሮት የት ደርሳለች?»

«ቡሬ ናት ልጀ። ከዚያ ወዲህ መኪና አጣች። የተገኘ ቀን...»

«የተገኘ ቀን አልጠብቅም። እኔ አመጣታለሁ።»

«መንገዱ እኮ...»

ዘግታዋለች። ቀጥላም ስልኳን ጨርሳ አጠፋችው፤ ዕቃ የሚጠብቀው ሕዝብ እንደፈለገው ይጩኽ።

የቡሬን መንገድ እንዴት እንደሄደች እሷ ስታወራው አጭር ነው። አንድ ቦታ ኬላ ላይ አስቁመው ወዴት ነሽ አሏት፤ ሌላ ቦታ በአስፋልቱ አትሄጂም አሏትና በበቆሎ ማሳ መሀል በጋሪ መንገድ ዞረች። ያምሮትን ያገኘቻት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የባሏ ዘመዶች ከሆኑ የአዊ ሰዎች ቤት ነው። አሮጊቷ የቤቱ እመቤት ልጅቱን አቅፈው አንዴ በአዊኛ አንዴ በአማርኛ ያጽናኗታል። ያምሮት የወንድሟን ሞት መራዊ ሳለች ሰምታ፣ እንባዋን ጨርሳ ተቀምጣለች። ወይኒቱን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ተነሣች።

ብዙ ከሄዱ በኋላ ያምሮት ጠየቀች።

«እማየ ምን ትላለች?»

«ብርድ ልብስ ይጠብቃሉ» አለች ወይኒቱ። «እኔ ነኝ ያልኋቸው። ይቅር በይኝ።»

ያምሮት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መንገዱን አየች። «በዓል ሲደርስ ራሱ ይዞልኝ ይመጣል ስትል ነው የከረመችው» አለች።

አያ ገብረሰንበት በማግሥቱ ማለዳ ይሁን አሉ። ባጃጁ ከመንደሩ በታች፣ ባሕር ዛፉ ዘንድ ይቆማል፤ ድምፁ እንዳይሰማ ሞተሩ አስቀድሞ ይጠፋል። ሽማግሌዎቹና ቄሱ በላይኛው መንገድ በእግር ይመጣሉ። ያምሮት ከእነሱ ጋር ትገባለች፤ መርዶው ከተነገረ በኋላ ልብሱ ይወጣል። ሁሉም ነገር በወጉ ተዘጋጅቶ ነበር። ጎረቤቱም ሰምቶ ተሰብስቦ፣ በየአጥሩ ጥግ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

ወይኒቱ ሞተሩን አጥፍታ ቁልቁል እያንደረደረች ባሕር ዛፉ ሥር አቆመች። ጤዛው ገና አልረገፈም። ያምሮት ከኋላ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ በላይ በኩል ጋቢያቸውን ለብሰው ብቅ ማለት ሲጀምሩ ታዩ። ወይኒቱ ካርቶኑን ለማዘጋጀት ወርዳ ሸራውን ገለጠችና በሁለት እጇ አነሣችው።

እትየ አቻምየለሽ ጄሪካን ይዘው ወደ ምንጩ ይወርዱ ነበር።

ባጃጁን አዩ። ወይኒቱን አዩ። ካርቶኑን አዩ። ጄሪካኑ ከእጃቸው ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ፤ እሳቸውም እየሮጡ መጡ። ሽማግሌዎቹ ከበስተኋላቸው ነበሩ፤ ዘወር ብለው አላዩዋቸውም።

«መጣልኝ! በማለዳ ይዘሽልኝ መጣሽ? የኔ እናት፣ እግርሽ አይቀጭጭ!»

ካርቶኑን ያዙት። ወይኒቱ አልለቀቀችም። ለቅጽበት ያህል ሁለቱም ይዘውት ቆሙ፤ አንዷ ትስባለች፣ አንዷ ትይዛለች።

«ስጪኝ እንጂ ልጀ፤ የኔ አይደል?»

ለቀቀችላቸው። እናትየው ካርቶኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ጉንጫቸውን በላዩ አድርገው፣ እልል አሉ። ከአጥሩ ጥግ ያለው ጎረቤት አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከምንጩ ማዶ፣ ከታችኛው መንደር ያሉት ሴቶች ግን ነገሩን ገና አልሰሙም ነበርና፣ እልልታ ሰምቶ ዝም አይባልምና፣ ከየቤታቸው ወጥተው በእልልታ ተቀበሏቸው። እትየ አቻምየለሽም ደስ ብሏቸው እንደገና መለሱላቸው።

አያ ገብረሰንበት ደረሱ። ከእህታቸው ጀርባ ቆመው ቆባቸውን አወለቁ፤ ለመናገርም አፋቸውን ከፈቱ። ወይኒቱ እጇን ዘረጋች።

«አያ፣ ይቆዩ» አለች በሹክሹክታ። «ትንሽ ይቆዩ። እልልታው ይለቅ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ቄሱም ቆሙ፤ ያምሮትም አንድ እግሯን ከባጃጁ አውርዳ እንዳለች ቀረች። ከማዶ ያለችው የመጨረሻዋ ሴት ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ አያ ገብረሰንበት «አቻሜ» ብለው ተጣሩ።